ያለውን የወረወረ፦ ለእግዚአብሔር ካለን ላይ ስለ መስጠት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቄስ አይደለሁም። በአጥቢያችን ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ከሚቆጥሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው። የተጨማደደውን ብር በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየጎተቱ ማቃናት፣ ሳንቲሙን በየዓይነቱ መከመር፣ ደምሮ መፈረም። እጅ ይጠቁራል፣ ወገብ ያማል። ቆጥረን ስንወጣ ሰው በር ላይ ይይዘኛል፤ ጥያቄው ደግሞ ከዓመት ዓመት ያው ነው። ደጋግሜ ከምናገር ብዬ ጻፍኩት። ከመጽሐፍ የማውቀውንና እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነው የምለው። የግል ጉዳይ ያለው ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር።

ምንም የለኝም። ምን ልስጥ?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ብዙውን ጊዜ «ምንም» ሲሉ «ብር» ማለታቸው ነው።

ሙሴ ግብፅ ሂድ ሲባል ሰበብ ይደረድር ነበር። እግዚአብሔር የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «በእጅህ ያለችው ምንድር ናት?» በትር ናት አለ። የአማቱን በግ የሚጠብቅበት እንጨት ነው እንግዲህ። ሂድና ሰይፍ ግዛ አልተባለም። ያችው እንጨት ናት በኋላ ባሕሩ ላይ የተዘረጋችው።

ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን ብላቴና ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ። እኛ አገር ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፤ እዚያ ግን የድሃ ምግብ ነበር። እንድርያስ ልጁን ለጌታ አሳየና ወዲያው ያፈረ ይመስላል፤ «ነገር ግን እነዚህን ለሚያህሉ ሰዎች ይህ ምን ይሆናል?» አለ። ወንዶቹ ብቻ አምስት ሺህ ያህል ነበሩ። ምሳውን ማን እንደቋጠረለት አልተጻፈም። እኔ ግን እናቱ ትመስለኛለች። ጠዋት ስትቋጥርለት «መንገድ ላይ እንዳትጥለው» ያለችው ምሳ አሥራ ሁለት መሶብ ተረፈው።

ጳውሎስ ነገሩን በአንድ መስመር ዘግቶታል። «በጎ ፈቃድ ቢኖር፥ እንዳለው መጠን የተወደደ ይሆናል እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም» (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12)። የሌለህን ማንም አልጠየቀህም። የእኛም ሰው ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም ይላል።

«የእውነት ግን ምንም የለኝም» የሚል ካለ፣ ፈያታዊ ዘየማንን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ያስብ። እጁም እግሩም ተቸንክሯል። ሳንቲም የለው፣ ጊዜ የለው፣ የሚጾምበት ነገ የለው። የቀረችው ምላሱ ብቻ ናት። በእሷ «አስበኝ» አለ።

አምስት ብር መጣል አፍራለሁ

እኛ ስንቆጥር ማን እንደጣለው አናውቅም። ይህን እወቁልኝ። ሳጥኑ ስም አይዝም። ባለ 200ዋ ብር ከአምስቷ ጋር ተጣብቃ ትወጣለች፣ አላቀን ሁለቱንም እናቃናለን።

ማርቆስ ምዕራፍ 12 ላይ ግን የሚያይ ነበረ። ጌታ በመዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ይመለከት ነበር። ብዙ ባለጠጎች ብዙ ጣሉ። አንዲት መበለት መጥታ ሁለት ናስ ጣለች። መጽሐፉ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሳንቲም ያህላሉ ይለናል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሁለት መሆናቸው ነው። አንዷን አስቀርታ አንዷን መጣል ትችል ነበር። ማንም «ግማሹን ሰጠች፣ ጎበዝ» ይላት ነበር።

ለሚያፍር ሰው ሌላም አለኝ። በኦሪት ሕግ የወለደች ሴት የአንድ ዓመት ጠቦት ታቀርባለች፤ አቅም ካጣች ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይበቃታል (ዘሌዋውያን 12)። አሁን ሉቃስ 2፥24ን ክፈቱ። እመቤታችንና ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው ቤተ መቅደስ ሲሄዱ የተጠቀሰው የወፎቹ መሥዋዕት ነው። የዓለሙን ጌታ ታቅፋ የድሃ መባ ይዛ ነው የሄደችው። ከዚህ በኋላ በአምስት ብር ማፈር ትንሽ ይከብዳል።

የበላዔ ሰብንም ታሪክ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 በመጣች ቁጥር እንሰማለን። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ለአንድ የተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውሃ ሚዛን ላይ ወጣች። ልብ በሉ፣ ውሃዋ ሚዛኑን የደፋችው በብዛቷ አይደለም። ጥርኝ ነው ያልኩት፤ ጉሮሮ እንኳ በቅጡ አያርስም።

የእናቴን መድኃኒት ገንዘብ ለስለት ባውለው እግዚአብሔር ይፈውሳታል?

መድኃኒቱን ግዛ።

ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፣ ግን የራሴ ፈጠራ አይደለም። በጌታ ዘመን ሰዎች አባትና እናታቸውን መርዳት ሲገባቸው «ያለኝ ቁርባን ነው» እያሉ ይሸሹ ነበር። ማለትም ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል፣ ከእኔ አትጠብቁ ነው። ጌታ በዚህ ነው የገሠጻቸው፤ የእግዚአብሔርን ቃል በወጋችሁ ሻራችሁ አላቸው (ማርቆስ 7)። ለእናት የተገዛ መድኃኒት ራሱ መባ ነው። ኪኒኑን ስትሰጣት ስመ ሥላሴን ጥራበት።

ደግሞ ያችን የሁለት ናስ ታሪክ ከፍ ብላችሁ አንብቧት። ከእሷ በፊት ያለው ቃል የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ጻፎች ነው። መበለቷ በፈቃዷ ሰጠች፣ ተመሰገነች። ከመበለቷ ጎትቶ የሚወስድ ግን ፍርዱ እዚያው ከጎኗ ተጽፎለታል። ይህን ለኛ ለኮሚቴዎቹም ነው የምለው።

አሥራት ከታክስ በፊት ነው ወይስ ከታክስ በኋላ?

መምህራን ሁለቱንም ሲሉ ሰምቻለሁ። እጄ ላይ ከሚገባው ነው የማወጣው፤ ከ10,000 ብር 1,000። የበለጠ የሚያወጣ ይባረክ። ሒሳቡን በጣም ለሚያጠብቡት ብቻ ማቴዎስ 23፥23ን እጠቁማለሁ። ፈሪሳውያን ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም ሳይቀር አሥራት ያወጡ ነበር። ጌታ ይህን ተዉ አላላቸውም። ፍርድንና ምሕረትን ረሳችሁ ነው ያላቸው። የቅመም አሥራት አውጥቶ የሠራተኛዋን ደመወዝ ሦስት ወር የሚያቆይ ሰው ዛሬም አለ።

ስለት ገባሁ፣ አሁን ግን አልቻልኩም። ምን ይሻለኛል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው እንቅልፍ ያጣበታልና።

ስለት እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ልጅ ይታመማል፣ ቪዛ ይዘገያል፣ ምጥ ይጠናል። ሰው በጭንቁ ሰዓት የሚናገረውን አይመጥንም። «በሬ አርዳለሁ»፣ «ወርቅ አገባለሁ»፣ «ቁልቢ በእግሬ እመጣለሁ» ይላል። ልጁ ይድናል፣ በሬው ይወደዳል። የበሬ ዋጋ ዘንድሮ ምን እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም።

ኦሪት ዘዳግም 23 ስለት ስትሳል አታዘግይ ይላል። እዚያው ግን ሳትሳል ብትቀር ኃጢአት አይሆንብህም የሚልም አለ። ስለት ግዴታ አይደለም። አፍ ከከፈቱ በኋላ ነው ግዴታ የሚሆነው። መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል።

አሁን ለተጨነቀው ሰው። ዘሌዋውያን 27 የስለት ዋጋ በሰቅል ይዘረዝራል፤ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ቁጥር 8 ላይ፣ የተሳለው ሰው ድሃ ከሆነ በካህኑ ፊት ይቁም፣ ካህኑም እንደ ተሳለው ሰው አቅም ይገምተው ይላል። ሕጉ ራሱ በር አለው ማለት ነው። በሩ ካህኑ ነው። ስለዚህ ቤትህ ተቀምጠህ በራስህ «በሬውን በዶሮ ቀይሬዋለሁ» አትበል። ዝም ብለህም አትሽሽ። የንስሐ አባትህ ጋ ሂድና በሬ ነበር፣ አልቻልኩም፣ ይህ ነው ያለኝ በል። ያልተቻለው ስለት በሌላ ሲተካ፣ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ሲከፈል አይቻለሁ።

የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ስለት የገባችው ልጅ ከሰጠኸኝ ላንተው እመልሰዋለሁ ብላ ነው። ያልነበራትን ሌላ ነገር አልጨመረችበትም። ከሚሰጣት ነገር ላይ ነው የተሳለችው። ስለት ለመግባት ያሰበ ሰው ከዚህ ሴትዮ ቢማር ጥሩ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ምን ብገዛ ይሻላል? ዣንጥላ ወይስ ምንጣፍ?

ከመግዛትህ በፊት ቄሰ ገበዙን ጠይቅ። አንድ ደብር ዕቃ ቤት ገብቼ ዣንጥላ እስከ ጣራ ተከምሮ አይቻለሁ። ከሥር ያሉትን አይጥ በልቷቸዋል። በዚያው ሳምንት ለመሥዋዕቱ ወይን የሚሆን ዘቢብ አልቆ ዲያቆኑ ጎረቤት ደብር ሊበደር ሄዶ ነበር። ዣንጥላ ያምራል፣ ይታያል፣ ፎቶም ይወጣል። ዘቢብ አይታይም። ንጹሕ የስንዴ ዱቄት፣ ዕጣን፣ የመብራት ክፍያ፣ የመጸዳጃ ቤት ሳሙና፣ የአብነት ተማሪዎች ቁራሽ እነዚህም አይታዩም።

ዣንጥላ አትስጡ አላልኩም። የተሳላችሁት እሱን ከሆነ ስጡ። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ግን የጎደለውን ጠይቁ። ዘፀአት 36 ላይ ለድንኳኑ ሥራ ሕዝቡ ከሚፈለገው በላይ ሲያመጣ ሙሴ ከእንግዲህ አታምጡ ብሎ አስነግሯል። በቃን ያለ ኮሚቴ እኔ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ያረጀ ልብስ መስጠትስ?

ለብሰኸው ገበያ የምትወጣበት ከሆነ ስጥ። ሚልክያስ ምዕራፍ 1 ዕውርና አንካሳ በግ ለሚያመጡ ሰዎች፣ እስቲ ለአለቃህ አቅርበው፣ ይቀበልሃል? ይላል። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪም ያው ነው። ዚፑን አሰፍተህ ስጥ፤ ዘበናዊ ባይሆንም ሱሪ ነው።

ሙያ አለኝ፣ ገንዘብ የለኝም

አንተማ ባለጠጋ ነህ። በኢዮጴ የነበረችው ዶርቃ (ጣቢታም ትባላለች) ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። የድንኳኑ መጋረጃም በሴቶች እጅ ነው የተፈተለው። የእኛም እናቶች ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ጥጥ ፈትለዋል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከሆንክ የደብሩን የተላጠ ሽቦ ጥገን። የሒሳብ ሰው ከሆንክ መዝገቡን አስተካክልልን፣ በማርያም። የፀጉር ባለሙያ የሆነ አንድ ወጣት ከጥምቀት በፊት ያለውን ሳምንት ሙሉ በር ላይ ለተቀመጡ ነዳያን ፀጉር ይቆርጣል። ወንበሩን፣ መስታወቱን፣ አልኮሉን ይዞ ይመጣል። አንዱ ሽማግሌ መስታወቱን አልመልስም ብለው ፊታቸውን ሲያገላብጡ ያየሁትን አልረሳም። «ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ?» አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የደብሩን ሽቦ በነጻ ለመጠገን ብለህ የደንበኛህን ቀጠሮ እንዳታፈርስ። ያ ከሌላ ሰው ኪስ መባ ማውጣት ነው።

አረብ አገር ነው የምሠራው፣ ከቤት አልወጣም። ቅዳሴ የለ፣ መባ የለ

እህቴ፣ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለኝም። ሐናን ግን ደግሜ ላስታውስሽ። ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። ጸሎቷ ግን ደረሰ። አንቺም ሳህን ስታጥቢ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ትችያለሽ፤ ማዳም አትሰማም። በመዝሙር 50 የተሰበረውንና የተዋረደውን ልብ እግዚአብሔር አይንቅም ተብሏል። ይህን መሥዋዕት ለማቅረብ መውጫ ፈቃድ አያስፈልግም።

ለአገር ቤት የምትልኪው ብርም አለ። ታናሽ ወንድምሽ የሚማርበት፣ እናትሽ ቡና የምትጠጣበት። ያንን «የቤተሰብ ወጪ» ብለሽ ብቻ አትመዝግቢው። ለደብርሽ በቴሌብር ወይም በባንክ ልላክ ካልሽ ደግሞ ሒሳብ ቁጥሩን ከደብሩ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ጠይቂ። ፌስቡክ ላይ በሚዞር የግል ቁጥር አትላኪ። ደረሰኝ ጠይቂ። ደረሰኝ መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም።

ቤቲንግ ከበላሁ አሥራት አወጣለሁ። ይቻላል?

ይህን የሚጠይቁኝ ልጆች ይስቃሉ፣ ግን የምራቸውን ነው። መልሴ አጭር ነው፤ እግዚአብሔርን የውርርድ ሸሪክ አታድርገው። የተበላህ ቀንስ ከማን ልትቀበል ነው?

በጉቦ ወይም በማታለል የተገኘ ገንዘብ ግን ከዚህ ይከብዳል። ዘኬዎስን ተመልከት። እኩሌታውን ለድሆች አለ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የተበደለውን ሰው በሙዳየ ምጽዋት አላለፈውም። መጀመሪያ ለባለቤቱ ይመለሳል። ከወንድምህ ጋር ከተጣላህም መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድና ታረቅ ተብሏል (ማቴዎስ 5)። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ተመልሶ መውጣት የታዘዘበት ቦታ ይህ ነው።

ብሰጥ እጥፍ ሆኖ ይመለስልኛል?

ሚልክያስ 3፥10 ላይ ፈትኑኝ የሚል ቃል አለ፤ የሰማይን መስኮት እከፍታለሁ ይላል። አምናለሁ። የሰራፕታዋም መበለት እፍኝ ዱቄቷን ለኤልያስ አካፍላ ማድጋው አልጎደለባትም።

ያችን ባለ ሁለት ናስ መበለት ግን አስቧት። ከጣለች በኋላ ምን ሆነች? ማታ በላች? ጎረቤት ዱቄት ሰጣት? ወንጌሉ ዝም ይላል። አልነገረንም። እጥፍ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ነበር። እኔ ዝምታውን እወደዋለሁ። «አንድ ሺህ ስጥ፣ በሳምንቱ አሥር ሺህ ጠብቅ» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ እሱ የሚነግርህ ስለ ቁጠባ ነው፣ ያውም ስለ መጥፎ ቁጠባ።

ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ ወይስ በር ላይ ላለው ነዳይ?

ለሁለቱም። ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1,600 ዓመት በፊት ይህን ጉዳይ አንስቶ ነበር። ክርስቶስን ውስጥ በሐር አልብሰህ ውጭ በብርድ ራቁቱን ሲሆን አትለፈው የሚል ሐሳብ ነው የነገራቸው። ስትገቡ አንድ፣ ስትወጡ አንድ ብትለምዱ ምን ይላችኋል። ዝርዝር ብር አስቀድማችሁ ያዙ፤ ነዳያን «ዝርዝር የለኝም» የምትለዋን ቃል ጠንቅቀው ያውቋታል።

ስሜ በማይክ ቢጠራስ?

ለሕንፃ ማሠሪያ ሰው ለማነሣሣት ተብሎ ይደረጋል፣ እልልታውም ደስ ይላል። እኔ አልወደውም። አንድ በዓል ላይ «እገሌ ሃምሳ ሺህ!» እየተባለ ሲጠራ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አሥር ብር ለአስተባባሪው ሰጡ። ልጁ ተቀበላቸው፣ ማይኩን ግን ወደ አፉ አላስጠጋም። ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ የተባለው ለእሳቸው ሳያውቁት ተፈጸመላቸው።

ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ብር ያልሆነ ነገር ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን በደረሰኝ ለጽሕፈት ቤቱ ማስረከብ ይሻላል፤ ይመዘናል፣ ይመዘገባል። ሰው ግን ያስገባል። የአንገት ማተብ ከነመስቀሉ፣ የጸሎት ማስታወሻ፣ ከአገልግሎት የወጣ የውጭ አገር ሳንቲም፣ አንድ ጊዜ የቁም ሳጥን ቁልፍ ሁሉ አግኝተናል።

ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ስንከፍት በደብተር ወረቀት የተጠቀለለች አንዲት የወርቅ የጆሮ ጉትቻ ወጣች። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ «ጓደኛዋ ጠፍታብኛለች። ይችን ተቀበይኝ እመቤቴ» ይላል። ስም የለውም። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ብዕሩን አንሥቶ አየን። «ጉትቻ ስንት ልበል? ጥንድ ነው የሚባለው እኮ» አለ። «አንድ በል» አሉት ሰብሳቢው። አንድ ብሎ ጻፈ፣ ግራሟንም ጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን።